ስትሮክ ሲያጋጥም ወዴት እንሩጥ? ለጎንደርና ለአካባቢዋ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

አባወራው ማለዳ ሊነሣ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። አፉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ቤቱ ባንድ አፍታ ሸንጎ ይሆናል። አንዱ «ጠበል እንውሰደው» ይላል። ሌላዋ «እዚሁ ክሊኒክ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ልጅ በስልክ «ዛሬውኑ ወደዚህ ላኩልኝ፣ እኔ አሳክመዋለሁ» ይላል። ጎረቤትም አስፕሪን ይዞ ይደርሳል። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። ክርክሩ ግን ሰዓት ይበላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ ክርክር ሳይጀመር እንዲነበብ ነው። የማንንም ተቋም ስም ለማወደስ አይደለም። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሕመሙ ከጀመረ አራት ሰዓት ተኩል ካልሞላው (የረጋ ደም ማሟሟያው መድኃኒት የሚሰጠው እስከዚያ ነው)፣ የሚሠራ ሲቲ ስካን፣ ማለትም የጭንቅላትን ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ማሽን፣ ወዳለበት ቅርብ ቦታ ሩጡ። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ መሄድ ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው ሕክምና በአብዛኛው እዚሁ ጎንደር ይገኛል።

ስለ ሕመሙ ባጭሩ

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የረጋ ደም የአንጎልን ደም ስር ሲዘጋ የሚመጣው ነው። እዚህ በዋናነት የምናወራው ስለዚህኛው ነው። ሁለተኛው ደም ስር ፈንድቶ ደም ጭንቅላት ውስጥ ሲፈስ ነው። በሀብታም አገሮች ከመቶው ስትሮክ 85 ያህሉ የመዘጋት ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ግን የደም መፍሰሱ ድርሻ ከዚያ በጣም ከፍ እንደሚል ያሳያሉ። ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ዋናው ምክንያት ነው።

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። የልብ ምት አዳምጦም፣ ግፊት ለክቶም በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው የለም። ጎረቤት ያመጣው አስፕሪን ቁማር የሚሆነው ለዚህ ነው። ለተዘጋው ይረዳል፤ ለሚፈሰው ነገር ያባብሳል።

ምልክቱን ለማየት እንዲህ በሏቸው፦ «አባባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ። ሁለቱንም እጅዎን ቀጥ አድርገው ያንሡ። ስሜን ይጥሩኝ።» ፊት ከተጣመመ፣ አንዱ እጅ ከወደቀ፣ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ፣ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። «ብርድ መታው»፣ «ምች ነው»፣ «ግፊት ጣላት» የሚለውን ስም ማውጣት ለኋላ ይቆይ።

መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

ከሁሉ በፊት ሰዓት። ትልቅ የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሕመምተኛው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቅጽበት ነው። ማታ 4 ሰዓት ደህና ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት ታሞ ከተነሣ፣ መነሻው ማታ 4 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ጻፉት። አንድ ተራ የሚመስል ነገር ልጨምር። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። «ሁለት ሰዓት ላይ» ብቻ ካላችሁት የስድስት ሰዓት ስህተት ሊገባ ነው፤ ያ ደግሞ መድኃኒቱን ሊያስከለክል ወይም ያለ ጊዜው ሊያሰጥ ይችላል። «በእኛ ሰዓት፣ ጠዋት ሁለት» በሉ።

ሁለተኛው መለኪያ ሲቲ ስካን ነው። መኖሩ ሳይሆን አሁን መሥራቱ፣ ሌሊትም የሚያነሣና የሚያነብ ሰው መኖሩ።

ሦስተኛው ከፎቶው በኋላ ያለው ነው። አልጋ አለ? ግፊትና ስኳር በየሰዓቱ የሚከታተል አለ? መዋጥ መቻሉን ሳያይ ምግብ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ነርስ አለ?

ከዚያ ገንዘብና አስታማሚ። ሰዎች የሆስፒታሉን ሒሳብ ብቻ ያሰላሉ። የሁለት አስታማሚ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የመመለሻ መኪና፣ ቤት የቀረው ሥራም ተደምሮ ሊታይ ይገባል።

የት? አምስቱ አማራጮች

*ቤት ቆይቶ ማየት ወይም መጀመሪያ ጠበል።* አርባ አራቱ ታቦት ባሉበት ከተማ «ጠበል አትሂዱ» ብሎ መጻፍ ከንቱ ነው፤ እኔም ማለት አልፈልግም። የምለው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ጠበሉን በጠርሙስ ይዞ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። መርጨትም ይቻላል። ማጠጣት ግን የመዋጥ ምርመራ እስኪደረግ ይቆይ። በስትሮክ የጉሮሮ ጡንቻ ሊደክም ስለሚችል ውሃውም፣ ቡናውም፣ ክኒኑም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በስትሮክ ማግስት ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ በሚመጣ የሳንባ ምች ነው።

«ትንሽ እንየው፣ ይለቀው ይሆናል» የሚለውም አደገኛ ነው። እውነት ነው፣ አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ይህ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ትልቁ ስትሮክ ሊከተል የሚችለው በተለይ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ነው።

*የሰፈር ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ።* ከገጠር ለሚመጣ ሰው ይህ ጠቃሚ መቆሚያ ነው። የጣት ደም ወስደው ስኳር ይለካሉ። ስኳር በጣም ሲወርድ ልክ ስትሮክ ይመስላልና ይህ ምርመራ ብቻውን ሰው ሊያድን ይችላል። ግፊት ይለካሉ፣ ሪፈር ይጽፋሉ፣ አምቡላንስ ይጠራሉ። በእኔ ግምት ከሩብ ሰዓት በላይ መቆየት አያስፈልግም።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ግሉኮስ ነው። በእኛ አገር ታሞ የተኛ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለንም። ስኳሩ ካልወረደ ግን በስትሮክ ላይ ስኳር መጨመር አንጎልን ይጎዳል። «ስኳሩ ስንት ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አታሰቅሉ።

ሁለተኛው ግፊትን በችኮላ ማውረድ ነው። ግፊቱ 200 ሲሆን ሁሉም ይደነግጣል፤ ምላስ ሥር የሚደረግ ኒፌዲፒን የተባለ የግፊት መድኃኒት ይፈለጋል። ይህ ለደም ስር መዘጋት ጎጂ ነው። በተዘጋው ደም ስር ዙሪያ ያለው የአንጎል ክፍል እስካሁን በሕይወት የቆየው ከፍ ባለው ግፊት ተገፍቶ በዳር በዳር በሚደርሰው ደም ነው። ግፊቱን ድንገት ብትጥሉት ያም ይሞታል። የረጋ ደም ማሟሟያ የማይሰጠው ሰው ግፊቱ 220 በ120 እስኪያልፍ ድረስ በመጀመሪያው ቀን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ማሟሟያው የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ ከ185 በ110 በታች መሆን አለበት። ደም ከፈሰሰ ስሌቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ፎቶው ሳይታይ ግፊት ማውረድ በጨለማ መተኮስ ነው።

*ሲቲ ያለው የግል ሆስፒታል ወይም የምርመራ ማዕከል።* ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ካርድ ማውጣቱም ወረፋውም ይቀላል። ችግሩ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ይመጣል። አስተኝቶ የሚከታተል ከሌለ ሕመምተኛው በባጃጅ ተጭኖ እንደገና ወደ ሪፈራል (ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል) ይሄዳል። ያተረፋችሁት ግማሽ ሰዓት እዚያ ያልቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሲቲው አሁን ይሠራል? የሚያነበው ሰው አለ? ታስተኛላችሁ? ሦስቱም «አዎ» ከሆነና አቅሙ ካላችሁ ጥሩ ምርጫ ነው።

*የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል።* ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን በኖረ ተቋም ሥር ያለ ሆስፒታል ነው። ማስተማሪያ ስለሆነ ሌሊትም ተረኛ ሐኪም አለ። የውስጥ ደዌ ክፍል አለ፣ ፊዚዮቴራፒም በዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ ትምህርት ነው። እንደማንኛውም ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ይኖራል፤ አንዳንዱን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ልትባሉም ትችላላችሁ። ስለዚህ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ካርድ ክፍል ይቁም፤ ሌላው ከሕመምተኛው ጋር በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። በር ላይ «አባታችን ታመውብን ነው» ብቻ አትበሉ። «ስትሮክ ይመስለናል፤ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ነው» በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ተራ ታስቀድማለች። የጤና መድን ደብተሩንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ፓኬቱን ጨምሮ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

*ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ።* ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሦስት ሰዓት ያህል። ትርጉም የሚሰጠው ጎንደር ላይ ሲቲ ሲበላሽና ባሕር ዳር መሥራቱ በስልክ ሲረጋገጥ ነው። አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዘዞ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ግን የበረራ ሰዓት መጠበቅ አለ፣ አየር መንገዱ የሐኪም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከቦሌ ሆስፒታል ድረስም ሌላ ጉዞ ነው። ለአራት ሰዓት ተኩሉ መስኮት አይደርስም።

የትኛው ፎቶ?

ሲቲ ስካን በደቂቃዎች ያልቃል፤ ደም ከፈሰሰ ወዲያው ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የመዘጋት ስትሮክን ግን ላያሳይ ይችላል። «ሲቲው ንጹሕ ነው» ማለት «ስትሮክ የለም» ማለት አይደለም፤ ደም አልፈሰሰም ማለት ነው። ለማሟሟያው ውሳኔ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ኤምአርአይ የተባለው ሌላው የጭንቅላት ፎቶ መዘጋቱን ገና በማለዳው ያሳያል። ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ውድ ነው፣ የሚቁነጠነጥ ሕመምተኛ አያስችለውም። ከእንቅልፍ ታሞ ለተነሣ ሰው ወይም ምርመራው ላምታታቸው ካልሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ኤምአርአይ አትጠይቁ። ገንዘቡን ለልብ ምርመራዎቹ፣ ለኢሲጂና ለልብ ኢኮ፣ ብታውሉት ይሻላል።

የትኛው ሕክምና?

አልቴፕሌዝ የተባለው የረጋ ደም ማሟሟያ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ በ2008 ደግሞ እስከ አራት ሰዓት ተኩል እንደሚሠራ ታይቷል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጣቸው ስምንት ሰዎች አንዱ ያለዚያ የማያገኘውን ጥሩ ማገገም ያገኛል። ዋጋም አለው። በዚያው በ1995ቱ ጥናት ከመቶ ስድስት ያህሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶባቸዋል። መጠኑ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም ነው፤ አሥር በመቶው በአንድ ጊዜ፣ የቀረው በአንድ ሰዓት ውስጥ በማሽን ይንጠባጠባል።

ቴኔክቴፕሌዝ የሚባለው ታናሹ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 25 ሚሊግራም፣ በአንድ መርፌ ያልቃል። በውጤት ከአልቴፕሌዝ አያንስም። መብራት በሚጠፋበትና ማንጠባጠቢያ ማሽን በማይተርፍበት አገር ምርጫ ቢሰጠኝ ይህኛውን እወስዳለሁ። ይኸው መድኃኒት ለልብ ደም ስር መዘጋት ሲሰጥ መጠኑ የዚህ እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ መጠኑን አስተውሎ መስጠት የባለሙያው ኃላፊነት ነው። ስትሬፕቶካይኔዝ ግን ምትክ አይሆንም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በስትሮክ ተሞክሮ ደም መፍሰሱ ስለበዛ ጥናቶቹ ቆመዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት አልቴፕሌዝን በ2019 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል። በአገራችን ግን በአብዛኛው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ የማይታጣ ዕቃ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «ማሟሟያው አለ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ከሌለ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስትሮጡ ሰዓቱ እንዳያልፍ ሐኪሙ የሚለውን ስሙ።

የረጋውን ደም በሽቦ ስቦ ማውጣት ሌላው ነው። ለትልልቅ ደም ስሮች ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተሙ አምስት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ራሳቸውን ችለው ለመኖር የበቁት ከመቶ 46 ነበሩ፤ ያልተደረገላቸው 27 ያህል። እስከ 6 ሰዓት፣ በፎቶ ለተመረጡ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይሠራል። በአገራችን ከተገኘም አዲስ አበባ ነው። ወደዚያ መብረር ትርጉም ያለው ለዚህ ብቻ ነው፦ ትልቅ ደም ስር መዘጋቱ በፎቶ ተረጋግጦ፣ የሚቀበል ማዕከል በስልክ «ላኩት» ብሎ፣ ያን ዕለት መድረስ ሲቻል።

አስፕሪን ርካሽ ነው። ሲቲው ደም አለመፍሰሱን ካሳየ በኋላ ከ160 እስከ 300 ሚሊግራም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይጀመራል። ማሟሟያ የወሰደ ሰው 24 ሰዓት ይጠብቃል። ስትሮኩ ቀላል ከሆነ ወይም ከለቀቀ፣ ሐኪሙ ክሎፒዶግሬል የተባለ ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ለ21 ቀን ሊጨምር ይችላል።

ማንም የማያወራለት፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሕክምና ጥሩ የአልጋ ክብካቤ ነው። የመዋጥ ምርመራ፣ መዋጥ ላቃተው በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ትኩሳትና ስኳር መቆጣጠር፣ ሕመምተኛው ሲረጋጋ ቶሎ ማስቀመጥና ማቆም። በተደራጀ የስትሮክ ክፍል የታከሙ ሰዎች ሞትም ጥገኝነትም እንደሚቀንስላቸው በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ለዚህ ክብካቤ ሰዓት አለፈበት የሚባል ሰው የለም። ግማሹን ሥራ ደግሞ አስታማሚው ይሠራዋል።

| አማራጭ | ለሰዓቱ | ጥቅሙ | ጉድለቱ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ቤት መቆየት | ይገድለዋል | የለም | ሁሉም ያመልጣል | ኋላ ከባድ |
| ክሊኒክ፣ ጤና ጣቢያ | አጭር ከሆነ ጥሩ | ስኳር፣ ሪፈር፣ አምቡላንስ | ሲቲ የለም | ትንሽ |
| የግል፣ ሲቲ ያለው | ፈጣን | ወረፋ ያንሳል | ካላስተኛ ሁለት ጉዞ | ከፍተኛ |
| ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል | ጥሩ፣ ወረፋ ካልያዘ | ተረኛ ሐኪም፣ አልጋ፣ ፊዚዮቴራፒ | መጨናነቅ | መካከለኛ፤ መድን ይረዳል |
| ባሕር ዳር | ከጎንደር ሲነሡ ጠባብ | ሲቲ ሲበላሽ መጠባበቂያ | መንገድ | መካከለኛ |
| አዲስ አበባ | ለማሟሟያ አይደርስም | የረጋ ደም በሽቦ ማውጣት | ርቀት፣ በረራ | በጣም ከፍተኛ |

እንደ ሁኔታችሁ

ከማራኪ፣ ከአራዳ ወይም ከአዘዞ የምትነሡና ሁለት ሰዓት ያልሞላችሁ ከሆነ፣ አምቡላንስ ቶሎ ካልመጣ ባጃጅም ቢሆን ያዙና በቀጥታ ሪፈራል ግቡ። ክሊኒክ አትቁሙ። ከደረሳችሁ በኋላም ለምርመራውና ለመድኃኒቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈለጋል፤ ስለዚህ የእናንተ እውነተኛ ሰዓት ሦስት ተኩል ነው።

ከደባርቅ፣ ከአይከል ወይም ከመተማ የምትመጡ ጤና ጣቢያ ላይ ስኳር አስለኩ፣ ሪፈር ያዙ፣ አምቡላንሱን ጥሩ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወዲያው ከተነሡ ሰዓቱ ይደረሳል። ከመተማ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ኑ። ሕመምተኛውን በጎኑ አስተኙት፣ የሚበላ የሚጠጣ አትስጡት። የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ዛሬውኑ መመዝገብ ምንም አያስከፍልም።

ሦስት ቀን ያለፋችሁና ገንዘብ ያላችሁ፣ ገንዘቡን በመንገድ አታፍስሱት። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት፣ የግፊት መለኪያና የስድስት ወር መድኃኒት ግዙበት። ሦስት ቀኑ ሳይሞላ ጀምሮ ግን አንድ ነገር ጠብቁ። በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ሕመምተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ከ60 ዓመት በታች ለሆነና ትልቅ ስትሮክ ለመታው ሰው የራስ ቅል አጥንት የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ስትሮኩ ከጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲደረግ ሞትን ከአሥሩ ሰባት ወደ ሁለት ገደማ ያወርዳል። ያን ጊዜ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ማዛወር ተገቢ ነው።

እጃችሁ ያጠረ ከሆነ ቅድሚያ የሚገባው ሲቲው ነው። ከዚያ አስፕሪን፣ የግፊት ክኒንና የኮሌስትሮል ክኒን። ከውጭ የሚመጣውን ውድ ቪታሚንና «የነርቭ ማጠናከሪያ» መርፌ ተዉት፤ ለስትሮክ የሚያደርገው ነገር የለም። ግፊት መድኃኒት ሲታዘዝ ጤና ጣቢያችሁ የሚይዘውን፣ ለምሳሌ አምሎዲፒንን፣ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

ታማሚው ወጣት ከሆነ ልቡ ይመርመር። በእኛ አገር የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና ብዙ ነው፤ የ30 ዓመት እናት በስትሮክ ስትወድቅ ብዙ ጊዜ የረጋው ደም የሚመጣው ከጠበበው የልብ በር ነው። ለእሷ አስፕሪን አይበቃትም። የልብ በሩ ከጠበበና ምቱ ከተዛባ ምርጫው ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ነው። ከዘመናዊዎቹ ደም ማቅጠኛዎች አንዱ የሆነው ሪቫሮክሳባን ለዚህ ሕመም በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት ከዋርፋሪን ዓይነቶቹ የባሰ ውጤት አሳይቷል። ዋርፋሪን ራሱ ርካሽ ነው። አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ግን በቀጠሮ መለካት አለበት። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ቀጣዩን ምርመራ የት እንደምታደርግና ማን እንደሚያመላልሳት ተነጋገሩ።